ከሽያጭ ድርሻ ስለሚሰጥ ምጽዋት

ምጽዋት መልካም ሥራ መሆኗ የታወቀ ነው፤ ከንግድ ጋራ ስትገናኝ ግን ጥንቃቄ ያሻታል።

በገዢና በሻጭ መካከል የሚቆም ሰው ለጎሬና ለመቱ እንግዳ አይደለም፤ በ1894 ዓ. ም. ውል በተፈቀደው በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በኩል የአገሩ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግም ደላላንና የኮሚሲዮን ወኪልን ለይቶ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የሽያጭ ድርሻ የተገባ የድካም ዋጋ ነው።

እንግዲህ ደላላ ወይም ዕቃ ከቤት ወደ ቤት አዙሮ የሚሸጥ ሰው፥ ድርሻዬ ለወላጅ አልባ ልጆች ነው ብሎ ገበያተኛ ቢጠራ፥ ቃሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕዳ ይሆንበታል። በድሀ ስም ዋጋ ቢጨምር መጽዋቹ ገዢው እንጂ እርሱ አይደለም፤ ለገበሬው የሚከፈለውን ቢያስቀንስም ከአንዱ ድሀ ነጥቆ ለሌላው መስጠት ነው።

ሐናንያና ሰጲራ የተወቀሱት ከመሬታቸው ዋጋ ስላስቀሩ ብቻ አይደለም፤ ያስቀሩትን ሸሽገው ሁሉን የሰጡ መስለው ስለ ቀረቡ ነው። እኩሌታውን የሚሰጥ ሰው እኩሌታውን ብሎ ቢናገር ነውር የለበትም።

ምጽዋትን በስውር መስጠት የታዘዘ ነው፤ በሕዝብ ፊት የተለመነ ገንዘብ ግን በሕዝብ ፊት ሊቆጠር ይገባል። ስለዚህ ሻጩ የሚሰጠውን ልክ አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ገንዘቡንም በምስክር ፊት በደረሰኝ ያስረክብ። ሹማምንቱ ደረሰኙን ቢመረምሩ፥ ካህናቱም ሕዝቡን ቢያስተምሩ፥ ለጋሱ ይመሰገናል፤ አታላዩም መሸሸጊያ ያጣል።