ለነፍሳችን አባት አለን፣ ለሥጋችን ካርድ ብቻ

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የንስሐ አባታችሁን ስም ታውቃላችሁ? እንዴታ! እሳቸውስ ቤታችሁን ያውቁታል? ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር ያውቃሉ። እሺ፣ የሚያክማችሁን ሰው ስምስ ታውቃላችሁ?

ዝም አላችሁ። እኔም ስጠየቅ ዝም ነው ያልኩት።

እናቴ ይፋግ አካባቢ ነው የምትኖረው። የደም ግፊት አለባት። የጤና መድህን መዋጮዋን በየዓመቱ ሳታጓድል ትከፍላለች። አምና ወደተመዘገበችበት ጤና ጣቢያ አምስት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ። አምስቱንም ጊዜ ያገኘነው የተለያየ ሰው ነው። ሁሉም "እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ብለው ከሀ ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ካርዷ ጠፍቶ አዲስ ወጣላት። ሦስተኛው ባለሙያ የቀየረላትን መድኃኒት አራተኛው ወደ ድሮው መለሰው። ለምን እንደተቀየረ የሚያውቅ የለማ!

በመጨረሻ "እዚያኛው ጤና ጣቢያ ሰው የሚያዳምጥ ልጅ አለ አሉ፣ ወደዚያ አዛውሩኝ" አለች። መልሱ አጭር ነበር፦ "አይቻልም። የተመዘገቡት እዚህ ነው። እዚያ ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ።" ሄዳ ከፈለች። ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ አንዴ ለመድህኑ፣ አንዴ ለምርጫዋ።

ይሄ መድህን ነው ወይስ ማሰሪያ?

ጤና መድህን ይፍረስ እያልኩ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ናት፤ ሌሎቹ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ለመታከም በሬ ይሸጥ የነበረ ገበሬ ዛሬ ካርዱን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ጥሩ ነገር ነው። ጥሩ ስለሆነም ነው የምቆጣው። ከፍሎ የሚታከም ሰው እንደ ተረጂ ዝም በል ሊባል አይገባም።

"ማን አከመህ ምን ለውጥ አለው?" ለሚሉ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ ላስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር ገብቶ ሰው ሲያረግፍ፣ በመጀመሪያ የተባለው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ነበር። ወጣቶቻችን ለአረምና ለአጨዳ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ፤ በሽታው ያለውም እዚያ ቆላ ነው። አንድን ቤተሰብ ዓመት ከዓመት የሚያይ ባለሙያ "ይሄ ልጅ መተማ ከርሞ ነው የመጣው፣ ትኩሳቱም ወር አለፈው" ብሎ ቶሎ ይጠረጥራል። በየጊዜው አዲስ ሰው ሲያየው ግን ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው።

እንግሊዝ አገር አንድ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ጋ ይመዘገባል። ካልተስማማው ምክንያት ሳይጠየቅ ሌላ ጋ ሄዶ መመዝገብ ይችላል። ክሊኒኩ ከመንግሥት የሚከፈለው በአብዛኛው በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ነው፤ ታካሚው ሲለቅ ገንዘቡም ይለቃል። ስለዚህ ታካሚ ሲቆጣ የሚደነግጥ አለ። እኛ ጋ ታካሚው የትም አይሄድም፤ ማን ይደነግጣል?

"እኛ እንግሊዝ አይደለንም" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ እንኳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። በደረጃው መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሰው ነው። ባለሙያውም ተንገላቷል፤ በ2017 ግንቦት ስለ ደመወዙ ሥራ እስከማቆም ደርሷል። እኔ ግን ስፔሻሊስት አምጡ አላልኩም። ጤና መኮንን ይሁን፣ ነርስ ይሁን፣ አንድ ስም ካርዱ ላይ ይጻፍ ነው ያልኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌውን በቤት በቤት ይዛ፣ ለየቤተሰቡ ፎልደር ከፍታ ትሠራ የለም እንዴ? ቀበሌ ላይ የተቻለ ጤና ጣቢያ ላይ ለምን ያቅታል?

"ከተፈቀደ ሁሉም ወደ ደህናው ይጎርፋል" የሚለው ፍርሃትም አለ። እንዲያውም ይጉረፍ! ወረዳው የትኛው ጣቢያ እንደደከመ ያለ ጥናትና ያለ አበል ያውቃል። ሲሞላ ደግሞ "ሞልቷል፣ በሚቀጥለው ዓመት" ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦

1. መታወቂያው በሚታደስበት ወቅት ጣቢያ መቀየር የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይቀይር። የሌላ ወረዳ ጣቢያ ለሚቀርበውም ወረዳዎቹ ተዋውለው ይፍቀዱለት። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛና መንገድ ሲቆረጥ ውኃው የወረዳ ወሰን አይጠይቅም።

2. ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ይመደብ።

3. ታካሚው ሲቀይር መዝገቡ አብሮት ይሂድ፤ እናቶቻችን ከሀ አይጀምሩ።

ይፋግ የጥንት ገበያ ነው። የይፋግ ሰው አንዱ ነጋዴ ካልተመቸው ወደሌላው ይሄዳል፤ ማንም "የተመዘገብከው እዚህ ነው" አይለውም። ለሽንኩርቱ ያለው መብት ለደም ግፊቱ ሲሆን ለምን ይቀማል?

በሚቀጥለው እድሳት መዋጮውን የሚሰበስበው ሰው ቤታችሁ ሲመጣ ክፈሉ። ከፍላችሁ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "የሚያክመኝ ሰው ስሙ ማን ነው?"