የሱሉልታው ውልብልቢትና የለገጣፎው ጎሚስታ

በሰኔ 2007 ዓ.ም. አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጃቸው የሠሯትን ኬ-570ኤ የተሰኘች ትንሽ አውሮፕላን ለማብረር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወጡ። በትምህርታቸው የጤና ባለሙያ ናቸው፤ የአውሮፕላን ሥራን የተማሩት ከመመሪያ መጻሕፍትና ከዩቲዩብ ነው። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር ሲሆን፣ 570 ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት ነው። በዚያን ቀን አውሮፕላኗ አልበረረችም፤ ውልብልቢቷ ተሰበረ።

ገሚሱ ሰው «ጀግና» አለ፤ ገሚሱ ሳቀ። ውልብልቢት ለምን እንደሚሰበር ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን አልነበረም። ስለ እሳቸው ውልብልቢት ለመፍረድ አልነሣሁም፤ የምናገረው ስለ ማንኛውም ውልብልቢት ነው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሜትር የሆነ የእንጨት ውልብልቢት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዙር እንበል። ጫፉ በሴኮንድ 235 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሁን አንደኛው ክንፍ ጫፉ ላይ በ10 ግራም፣ ማለትም በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ይክበድ። መጠነ ቁሱን በሬዲየሱና በማዕዘናዊ ፍጥነቱ ካሬ ብናባዛው 740 ኒውተን እናገኛለን። ይህም 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ዙሪያውን እየዞረ እንደሚጎትተው ነው።

ስለዚህ ውልብልቢትን በቤት ውስጥ ፈትቶ መግጠም ከቁልፍ በላይ ሚዛን ይጠይቃል። ከመፈታቱ በፊት አቀማመጡ ምልክት ይደረግበታል፤ ከጸዳ በኋላ ስንጥቅ በአጉሊ መነጽር ይፈለጋል። ከዚያም በመካከሉ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ገብቶ፣ ዘንጉ በውኃ ልክ በተስተካከሉ ሁለት ስል ጠርዞች ላይ ይቀመጣል። የከበደው ጎን ይወርዳል፤ በቀለለው ጎን ላይ ቫርኒሽ እየተጨመረ፣ በተተወበት ቦታ ሁሉ ጸጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ይቀጥላል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ቡሎኖቹ ደግሞ በመስቀለኛ ተራ፣ ቀስ በቀስ፣ በተለካ ኃይል ይጠብቃሉ። የሞተሩን ጉልበት ወደ እንጨቱ የሚያሻግረው በዋነኛነት ሰበቃ ነውና። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በነሐሴ የጠበቀ ቡሎን በጥር ይላላል። የላላ ውልብልቢት ይንሸራተታል፣ እንጨቱ ይግላል፣ ቀዳዳው ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም በዚያው ልክ ይደክማሉ።

በምኖርበት በለገጣፎ አንድ ወጣት ጎሚስታ አለ። የመኪናዬን ጎማ ቸርኬ ላይ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ሲለጥፍ ምክንያቱን ጠየቅሁት። «አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል ጋሼ» አለኝ። በማግሥቱ ተማሪዎቼን ያንኑ ጠየቅኋቸው። ቀመሩን ያለ ስሕተት ሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ። 10 ግራም ምን ያህል ኪሎ ሊጎትት እንደሚችል ግን የገመተ አልተገኘም። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ከውጭ አገር ዶክትሬቴን ይዤ ከተመለስሁ ወዲህ ይህን ርዕስ ያስተማርሁት በጠመኔ ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የወርክሾፖቻቸውን በር እንዲህ ላሉ የቤት ውስጥ ሠሪዎች መክፈት አለባቸው። አንድ ባልደረባዬ «አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» ሲል ሞግቶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰውዬው በሩ ተዘጋ ብሎ መሥራቱን አይተውም፤ ሳይለካ ይሠራል እንጂ። በሴኮንድ 235 ሜትር የሚበር ስንጥር ደግሞ ሠሪውን ከተመልካቹ አይለይም።

ጎሚስታውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ መጥቶ እንዲያስተምርልኝ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ስንት እንደሚከፈለው ግን ጠየቀኝ፤ ለእንዲህ ያለ እንግዳ መምህር የተያዘ በጀት ስለሌለ ከኪሴ ለመክፈል ተስማምተናል።