ዕድገቱ ሲቀዘቅዝ፦ ስለ ክላውድ አክሲዮኖች ለሚሰጠው የተለመደ ፍርድ ምላሽ

ስለ ክላውድ ኩባንያዎች (የኮምፒውተር አገልግሎትን በኢንተርኔት በኩል ስለሚሸጡ ኩባንያዎች) አክሲዮን በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ አንድ ፍርድ ሥር ሰዷል። ኩባንያው ገቢውን በየዓመቱ እጥፍ እያደረገ እስከሄደ ድረስ የተጠየቀው ዋጋ ሁሉ ይከፈልለት፤ ዕድገቱ መቀዝቀዝ የጀመረ ዕለት ግን ያለው ይሽጥ፣ የሌለውም አይጠጋው የሚል ነው። ይህን ፍርድ የያዙ ሰዎች በዘፈቀደ አይናገሩም። እንዲህ ያለ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ ብዙ ጊዜ ትርፍም የለውም፤ ስለዚህ ዋጋው የተንጠለጠለው በነገው ገቢ ላይ ብቻ ነው ይላሉ። የነገው ገቢ የሚገመተው ከዛሬው ፍጥነት ነውና፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ግምቱ፣ ግምቱ ሲወርድ ዋጋው ይወርዳል። ክርክሩ የተያያዘ ነው። የዘለለው ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ዋጋው ራሱ ከመጀመሪያው ምን ያህል መቀዝቀዝ ቆጥሮ ነበር? እኔ የምከራከረው ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የዕድገት መቀዝቀዝ የመሸጫም የመግዣም ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ነው።

ነገሩን በአንድ ኩባንያ ላይ ማየት ይሻላል። ስኖውፍሌክ በ2012 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ቤንዋ ዳዥቪልና ቲየሪ ክሯን፣ ከሶፍትዌር ኩባንያው ከኦራክል የወጡ መሐንዲሶች ናቸው። ሥራው የድርጅቶችን መረጃ ማከማቸትና መተንተን ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው ከአማዞን፣ ከማይክሮሶፍትና ከጉግል በተከራያቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ደንበኛው እንደ መብራት ቆጣሪ በተጠቀመው ልክ ይከፍላል። በሴፕቴምበር 2020 አክሲዮኑ ለሕዝብ ሲቀርብ ዋጋው 120 ዶላር ነበር፤ በገበያው የመጀመሪያ ቀን ግን ግብይቱ የተከፈተው በ245 ዶላር ነው። በኖቬምበር 2021 ወደ 400 ዶላር ደረሰ። በዚያ ዋጋ ኩባንያው በጠቅላላው ወደ 120 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ ማለት ነው፤ ያለፉት አሥራ ሁለት ወራት ገቢው ግን ከአንድ ቢሊዮን ብዙም የማይበልጥ ነበር።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። የኩባንያው አመራር በ2021 በጃንዋሪ 2029 በሚዘጋው የበጀት ዓመት ከምርቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያገኝ ግብ አስቀመጠ። በጃንዋሪ 2022 የተዘጋው ዓመት የምርት ገቢ ወደ 1.14 ቢሊዮን ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በሰባት ዓመት 10 ቢሊዮን ለመድረስ በአማካይ በዓመት 36 በመቶ ገደማ ማደግ ይበቃል። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት የኩባንያው ጠቅላላ ገቢ ያደገው በ106 በመቶ ነው። መቀዝቀዙ ድንገት የወረደ መዓት አልነበረም፤ በኩባንያው የራሱ ዕቅድ ውስጥ የተጻፈ ነበር። ግቡ ሙሉ በሙሉ ተሳካ እንበል። ከ10 ቢሊዮኑ ሩቡ፣ ማለትም 2.5 ቢሊዮኑ፣ ንጹሕ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ቀረ እንበል፤ ይህ ለጋስ ግምት ነው። ገበያውም ያን ጊዜ ለዚያ ገንዘብ ሠላሳ እጥፍ ቢከፍል፣ ይህም ለጋስ ነው፣ ኩባንያው 75 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። በ120 ቢሊዮን የገዛው ሰው እንግዲህ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሆኖለት፣ ሰባት ዓመት ጠብቆ፣ ከገንዘቡ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ያጣል።

በ120 ዶላር የገዛውስ? በዚያ ዋጋ ኩባንያው ወደ 33 ቢሊዮን ዶላር ነበር የተገመተው። ያው 75 ቢሊዮን ለዚህ ሰው በዓመት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት ይሆንለታል፤ ክፉ አይደለም። የዋረን ባፌት በርክሸር ሃታዌይ ከገዙት አንዱ ነበር፤ በዚያ በ120 ዶላር። በ2024 አጋማሽ ድርሻውን ጨርሶ ሲሸጥ ትርፉ መጠነኛ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በ245 ተሽቀዳድመው ከገዙት ጋር ግን አይወዳደርም። ኩባንያው አንድ፣ ዕድገቱ አንድ፣ መቀዝቀዙም አንድ ነው። የተለያየው የተከፈለው ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አልፍሬድ ራፓፖርትና ማይክል ሞቡሲን በ2001 ባወጡት መጽሐፍ ኢንቨስተሩ ከራሱ ትንበያ ሳይሆን ከዋጋው ተነሥቶ ወደ ኋላ ማስላት እንዳለበት አስተምረዋል፤ ይህ ዋጋ ትክክል እንዲሆን ምን መሆን አለበት? ሉዊስ ቻን፣ ጄሰን ካርሴስኪና ጆሴፍ ላኮኒሾክ በ2003 በታተመ ጥናታቸው ደግሞ በትርፍ ረገድ ዓመት ከዓመት በከፍተኛ ፍጥነት የሚዘልቁ ኩባንያዎች ቁጥር በዕድል ብቻ ከሚጠበቀው እምብዛም እንደማይበልጥ አሳይተዋል። በሽያጭ በኩል የተወሰነ ጽናት አግኝተዋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ፍጥነት መውረዱ ግን ልማዱ ነው። ልማድ የሆነን ነገር እንደ አስደንጋጭ ዜና መቀበል፣ አስቀድሞ ያለልክ የተከፈለውን ዋጋ ጥፋት በኋላ በመጣው ቅዝቃዜ ላይ መለጠፍ ነው።

የተለመደው ፍርድ እንደ ማንቂያ እንኳ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ስኖውፍሌክ በጁን 2022 ከ120 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ ከሰባት ወር በፊት 400 የነበረው ማለት ነው። በዚያ ወቅት የሩብ ዓመት ገቢው አሁንም ከ80 በመቶ በላይ ያድግ ነበር። ዋጋውን በዋናነት የሰበረው የወለድ መጠን ነው፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በማርች 2022 ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ መጨመር ጀመረ፣ በጁላይ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ከሩቅ ዓመታት የሚጠበቅ ገንዘብ ወለድ ሲጨምር የዛሬ ዋጋው ይኮማተራል፤ ትርፉ ሁሉ ሩቅ የሆነ ኩባንያ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይጎዳል። «ዕድገቱ ሲቀንስ እሸጣለሁ» ብሎ የጠበቀ ሰው የሸጠው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው።

ተቃራኒ ምሳሌም አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይነሣ። የክላውድ ሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ በጃንዋሪ 2023 በተዘጋው ዓመት 18 በመቶ፣ በሚቀጥለው 11 በመቶ አደገ። በተለመደው ፍርድ መሠረት መወርወር ያለበት አክሲዮን ነበር። በ2023 ዓመት ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ በ2022 ዋጋው በግማሽ ገደማ ወርዶ ስለነበር ከእርሱ የሚጠበቀው ጥቂት ነበር፤ እንደ ኤልየት ያሉ አመራሩን የሚሞግቱ ባለአክሲዮኖች ወጪ ቁረጡ ብለው ተጫኑት፤ ኩባንያው ከሠራተኞቹ 10 በመቶውን አሰናበተ፤ ንጹሕ ትርፉ ከ208 ሚሊዮን ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዘለለ። በ2024 የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ መክፈል ጀመረ። የአማዞን ክላውድ ክፍልም እንዲሁ በ2021 37 በመቶ፣ በ2022 29፣ በ2023 13 በመቶ ካደገ በኋላ በ2024 ወደ 19 በመቶ ተመለሰ። ደንበኞቹ በ2023 ወጪያቸውን አጣበቡ እንጂ ጥለውት አልሄዱም። (አማዞን ሱቅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአክሲዮኑን ዋጋ ክላውድ ብቻውን አይወስነውም።)

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ የቪዲዮ ስብሰባ ኩባንያውን ዙምን ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። ዙም በጃንዋሪ 2021 በተዘጋው ዓመት 326 በመቶ አድጎ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 7 በመቶ፣ ቀጥሎም 3 በመቶ ሆነ። ይህ ቅዝቃዜ የገቢው መሠረት ስለሰፋ ብቻ የመጣ አልነበረም። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ማይክሮሶፍትም ተፎካካሪውን ቲምስን ከኦፊስ ጋር አጣምሮ ሰጠ። ስለዚህ አንዳንድ ቅዝቃዜ በርግጥ ሕመም መሆኑን እቀበላለሁ። የምለው ሕመሙን ከጤናው የሚለየው የመቶኛው መውረድ አለመሆኑን ነው። የስኖውፍሌክን የአራት ዓመት ጭማሪ በዶላር ብንቆጥረው 627፣ 846፣ 741፣ ከዚያም 820 ሚሊዮን ገደማ ነው። በመቶኛ ሲነገር ግን ይኸው 106፣ 69፣ 36፣ 29 ይሆናል። መቶኛው ሲያሽቆለቁል በዓመት የሚጨመረው ገንዘብ ከሞላ ጎደል በቦታው ነበር። ይህ ሙሉ ምስጋና አይደለም፤ በየዓመቱ ተመሳሳይ ገንዘብ መጨመር በእጥፍ ከማደግ ጋር አንድ አይደለምና። የውድቀት ምስል ግን አይደለም።

የሚሻለው መመርመሪያ ነባር ደንበኞች ባለፈው ዓመት መቶ ብር ከከፈሉ ዘንድሮ ስንት ከፈሉ የሚለው ነው። በስኖውፍሌክ ይህ ቁጥር በጃንዋሪ 2022 178 ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ ወደ 158፣ 131 እና 126 ወረደ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ እንጂ የገቢው መቶኛ አይደለም። እዚህም ቢሆን ምክንያቱ መነበብ አለበት። በማርች 2022 ኩባንያው ሶፍትዌሩን ስላሻሻለ ያው ሥራ ባነሰ የኮምፒውተር ጊዜ እንደሚያልቅና በዚህ የተነሣ በዚያ የበጀት ዓመት 97 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እንደሚቀንስበት ተናገረ። በማግሥቱ አክሲዮኑ 15 በመቶ ገደማ ወደቀ። ምርቱ ስለተሻለ የመጣን ቅዝቃዜና ደንበኛ ስለሸሸ የመጣን ቅዝቃዜ ገበያው ያን ቀን አልለያቸውም።

ዕድገትን ብቻ የሚያየው ፍርድ የሚስተው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የዕድገቱ ፍሬ ለማን ይደርሳል? ስኖውፍሌክ በጃንዋሪ 2025 በተዘጋው ዓመት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቶ 1.29 ቢሊዮን ከሰረ። ሆኖም ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ እንደተረፈው መዝገቡ ያሳያል። ሁለቱን የሚያስታርቀው በዋናነት ለሠራተኞች በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን የተከፈለው ደመወዝ ነው፤ ወደ 1.5 ቢሊዮን፣ ከገቢው ከመቶ አርባ እጅ ያህል። በዚያው ዓመት ኩባንያው 1.9 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የራሱን አክሲዮን መልሶ ገዛ፤ የአክሲዮኖቹ ብዛት ግን ይህን ያህል አልቀነሰም። የተገዛው ለሠራተኛ የተሰጠውን ለመተካት ዋለ ማለት ነው። ከውጭ ለገባው ባለአክሲዮን ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ድርሻውን ያሳሳል፣ ወይም እንዳይሳሳ ሲባል የኩባንያው ጥሬ ገንዘብ ይወጣል። ከላይ በሠራሁት ስሌት ይህን አላስገባሁም፤ ብናስገባው ውጤቱ ይከፋል።

ይህ ጉዳይ በሲያትልና በሰሜን ቨርጂኒያ በእነዚህ ኩባንያዎች ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖቻችንም ቅርብ ነው። ከደመወዛቸው አንዱን ክፍል በአክሲዮን የሚቀበሉ ከዚያው ክፍያ ከሚጎዱት ባለአክሲዮኖች በተቃራኒ ወገን ቆመዋል፤ አክሲዮኑን ሳይሸጡ ሲያከማቹ ግን በሁለቱም ወገን ይቆማሉ። እንጀራቸውና ቁጠባቸውም በአንድ ኩባንያ ዕጣ ላይ ይወድቃል። ለእነርሱ «ዕድገቱ ቀዝቅዟልን?» ከሚለው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህሉ ሀብታቸው በአንድ ስም ላይ እንዳለ ነው።

ተከራካሪዎቼ አሁን ዕድገቱ እየተመለሰ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የክላውድን ሽያጭ እንደገና አነሣሥቷል። መልሴ አይለወጥም። ፍጥነት መጨመሩ በራሱ የመግዣ ምክንያት አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚያስወጣ መጠየቅ አለበት። ማይክሮሶፍት በጁን 2025 በተዘጋው ዓመት ለዚህ ሥራ በሚውሉ የመረጃ ማዕከላት ላይ ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ በጃንዋሪ 2025 አስታወቀ። ሴልስፎርስ በ2023 ወጪ ሲቆርጥ የተረፈው ገንዘብ ወደ ባለአክሲዮኑ ሄደ፤ የአሁኑ ዕድገት ግን ገንዘቡን ወደ ሕንፃ፣ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ ቺፕ ይወስደዋል። ቺፕ ደግሞ ያረጃል። አማዞን ለብዙ ዓመታት የሰርቨሮቹን የአገልግሎት ዘመን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሲያራዝም ቆይቶ፣ ከ2025 ጀምሮ የከፊሎቹን ከስድስት ዓመት ወደ አምስት ዝቅ አድርጎታል፤ ምክንያት ብሎ የጠቀሰውም የቴክኖሎጂው ለውጥ በተለይ በዚሁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ መፋጠኑን ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት በመዝገብ ላይ ትንሽ ይመስላል። በየዓመቱ የሚገዛው ዕቃ በአሥር ቢሊዮኖች ሲቆጠር ግን ለባለአክሲዮኑ ይቀራል ከተባለው ትርፍ ላይ የሚቀንሰው ቀላል አይሆንም፤ የገቢው ዕድገት በዚያው ፍጥነት ቢቀጥልም።