ቁልፉን በተራ የሚይዙ ሠዓሊዎች

በዚህ ዓምድ ሰዎች ተባብረው ስለሚሠሩት ሥራ እናነባለን። ስለ ደቦ አንብበናል። ስለ እድርም አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ስለ አንድ የሥዕል ቤት እናንብብ። ይህ ቤት የተከፈተው በሩቅ አገር ነው። አገሩ ስኮትላንድ፣ ከተማው ግላስጎ ይባላል። ግላስጎ መርከብ በመሥራት የታወቀች ከተማ ነበረች።

ሥዕል ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ጋለሪ ይባላል። ብዙዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል አይተናል። የሣለው ሰው ምናልባት ከብዙ ዘመን በፊት ሞቷል። እኛ የምንነግራችሁ ጋለሪ ግን የሚያሳየው ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሥራ ነው። ይሄ የዘመኑ ጥበብ ይባላል። አንዳንዱ ሥዕል ነው። አንዳንዱ ፊልም ነው። አንዳንዱም ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ነገር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1983 ከግላስጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡ ወጣቶች ችግር ገጠማቸው። ሥራ ሠርተዋል። የሚያሳዩበት ቦታ ግን የለም። ያልታየ ሥዕል ሳይዘራ ጎተራ ውስጥ እንደቀረ ዘር ነው። ታዲያ ወጣቶቹ ቤት የሚሰጣቸው ሰው እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ራሳቸው ቤት ከፈቱ። ስሙን ትራንስሚሽን አሉት። ማስተላለፍ ማለት ነው።

ቤቱን ማን ያስተዳድረው? ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው አባላት 6 ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። አንድ ሰው ቢበዛ 2 ዓመት ያገለግላል። ከዚያ ቁልፉን ለሌላ ያስረክባል።

የጋለሪ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግድግዳ ይቀባል። ምስማር ይመታል። የመጣው ሥዕል የማን እንደሆነ በመዝገብ ይጻፋል። በር ተከፍቶ እንግዳ ይስተናገዳል። ሒሳብ ይያዛል። ጊዜው ሲያልቅ ሥዕሉ ወርዶ ለባለቤቱ ይመለሳል። የግድግዳው ቀዳዳ ይደፈንና እንደገና ይቀባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ለምን 2 ዓመት ብቻ? እስቲ ወደ እድራችን እንመለስ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የእድር ዳኛ ቢሆን ምን ይመጣል? አንድም ይደክመዋል፣ አንድም እድሩ የግል ቤቱ ይመስለዋል። ዳኛ ሲቀየር ግን አዲስ ሐሳብ ይገባል። ዘመድና ጓደኛ ብቻ የሚጠቀምበት መንገድም ይጠባል።

ሰው መቀየሩ ችግርም አለው። የሚወጣው ሰው የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል። ኪራዩ መቼ ይከፈላል? የማን ሥዕል አልተመለሰም? አዲሱ ሰው አያውቅም። መድኃኒቱ መጻፍ ነው። መዝገብ ካለ፣ ሰው ቢሄድም ነገሩ አይጠፋም። ሁሉም በአንድ ቀን መልቀቅ የለባቸውም። የቆየው አዲሱን ያሠለጥናል።

ፍሬውስ? ዳግላስ ጎርደን የሚባል ሠዓሊ በወጣትነቱ በዚሁ ኮሚቴ አገልግሏል። በ1996 ተርነር የሚባለውን ታላቅ የብሪታንያ የጥበብ ሽልማት አገኘ። በ1993 ደግሞ የቤልፋስት ከተማ ሠዓሊዎች ይህን አሠራር አይተው ካታሊስት የተባለ ቤት ከፈቱ።

ግን ሁሉም ነገር ማር አይደለም። ሠራተኛው ደመወዝ አይቀበልም እንጂ ቤቱ ወጪ አለው። ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ ቀለም አለ። ለዚህ የመንግሥት ገንዘብ ያግዝ ነበር። በ2018 ክሪኤቲቭ ስኮትላንድ የተባለው ገንዘብ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ ትራንስሚሽንን በቋሚነት ከሚረዱት ዝርዝር አወጣው። ገንዘቡ ቢቀርም ሰዎቹ ቤቱን ጥለው አልሄዱም። በአንድ እጅ ላይ ብቻ የቆመ ቤት ግን ያ እጅ ሲነሳ እንደሚንገዳገድ አይተናል።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። ያለ ደመወዝ 2 ዓመት ማን መሥራት ይችላል? በደቦ ዛሬ የጎረቤታችንን እናጭዳለን፣ ነገ እሱ የእኛን ያጭዳል። ጉልበታችን ተመልሶ ይመጣል። የቀን ሠራተኛ ግን ልጆቹን ሳያበላ ጋለሪ ሊጠብቅ አይችልም። ቁልፉን የሚይዙት አባታቸው ያላቸው ብቻ ከሆኑ፣ ቤቱ የሁሉም ነው ማለት ከንቱ ነው። በፈቃድ የሚሠራ ሥራም ዋጋ አለው። ዋጋውን ሠሪው ከጊዜውና ከጉልበቱ ይከፍላል። ስለዚህ የጋራ ቤት የሚከፍቱ ሰዎች አስቀድመው ይነጋገሩ። ለድሃው የትራንስፖርትና የምሳ ይታሰብለት። የሥራው ሰዓት ለሠራተኛ ሰው የሚመች ይሁን። ማንም ከአቅሙ በላይ አይጫንበት።

አንብበን እንወያይ።

1. በመንደራችን ሰው በፈቃዱ የሚያገለግልበት ሥራ የትኛው ነው? ለስንት ጊዜ ያገለግላል?

2. የእድራችን መዝገብ ማን ዘንድ ነው? ያ ሰው ቢታመም ሌላ ሰው አንብቦ ሥራውን መቀጠል ይችላል?

3. ለማገልገል ፈልጎ ድህነት የያዘው ጎረቤት አለን? ምን ብናደርግለት ተራው ይደርሰዋል?