አንድ ኩባንያ በሁለት አገር ሕግ

አንድ ኩባንያ ባሕር ተሻግሮ ፋብሪካ ሲያቆም ገንዘቡን፣ መሣሪያውንና መሐንዲሱን ይዞ ይሄዳል። የአገሩን ሕግ ግን ይዞ መሄድ አይችልም። ሠራተኛና አሠሪ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ኩባንያውንም ማን እንደሚቈጣጠር የሚወስነው የየአገሩ ሕግና ልማድ ነው። ይህን ለማስረዳት ቮልክስዋገን የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጀርመን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከሰልና የብረት ሠራተኞች በኩባንያዎቹ አመራር ድርሻ ይኑረን ብለው ለአድማ ተዘጋጅተው ነበር። ቻንስለር ኮንራድ አደናወርና የሠራተኞች ማኅበራት መሪ ሐንስ ቦክለር ተነጋግረው ስለ ተስማሙ ሕጉ በ1951 ወጣ። በዚህም ሕግ መሠረት በእነዚህ ኩባንያዎች ተቈጣጣሪ ቦርድ ውስጥ የባለ አክሲዮኖችና የሠራተኞች እንደራሴዎች ቍጥር እኩል ሆነ። በ1976 ደግሞ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ሌሎች ኩባንያዎች የቦርዳቸውን ግማሽ ወንበር ለሠራተኞች እንዲሰጡ ታዘዙ። ሆኖም ድምፁ እኩል ለእኩል ሲከፈል ሊቀ መንበሩ ሁለተኛ ድምፅ አለው። እርሱም የባለ አክሲዮኖች ወገን ስለሚሆን የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ነው።

ከቦርዱ ሌላ በየፋብሪካው ሠራተኛው የሚመርጠው ምክር ቤት አለ። ስለ ሥራ ሰዓት አመዳደብና ስለ ትርፍ ሰዓት ከምክር ቤቱ ጋር ሳይስማሙ አይወሰንም፤ ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊትም የምክር ቤቱ ሐሳብ ሊጠየቅ ይገባል። አድማ መጥራት ግን ለምክር ቤቱ በሕግ ተከልክሏል፤ ስለ ደመወዝ የሚዋዋለው ማኅበሩ ነው። የምክር ቤቱን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ሲሆን ይህም በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ግን ይኸው ግዴታ ጥፋት ሆኖ እናገኘዋለን። ከ1935 በፊት በዚያ አገር ብዙ አሠሪዎች ነጻ ማኅበር እንዳይቋቋም ሲሉ በራሳቸው ገንዘብ የሚተዳደርና ለራሳቸው የሚታዘዝ ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። ይህን ለማስቀረት በ1935 የወጣው የሥራ ግንኙነት ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ድርጅት እንዳይመራና በገንዘብ እንዳይደግፍ ከለከለ። እንግዲህ ሁለቱም ሕጎች የታሰቡት ሠራተኛውን ለመጠበቅ ነው፤ የገጠማቸው ችግር ግን የተለያየ ስለ ነበር መንገዳቸውም ተለያየ።

ቮልክስዋገን በ2011 በቴኔሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ መኪና መሥራት ጀመረ። በዚያም እንደ ጀርመኑ ያለ ምክር ቤት ለማቋቋም ሲታሰብ፣ በአሜሪካ ሕግ አስቀድሞ ሠራተኛው ማኅበር መምረጥ ይኖርበታል ተባለ። በ2014 ድምፅ ሲሰጥ ኩባንያው ባይቃወምም የግዛቲቱ ታላላቅ ፖለቲከኞች አጥብቀው ተቃወሙ፤ 712 ሰዎች እንቢ፣ 626 ሰዎች እሺ አሉ። በ2019ም ማኅበሩ 833 ለ776 ተሸነፈ። በ2024 ግን 2,628 ደግፈው 985 ስለ ተቃወሙ ማኅበሩ አሸነፈ። እንዲህም ሆኖ በምርጫው የተገኘው በአሜሪካ ሕግ መሠረት የመደራደር ሥልጣን ነው እንጂ የጀርመኑ ምክር ቤት አይደለም።

ስለዚህ የውጭ አገር ሕግ የሚያጠና ተማሪም ሆነ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ወጣት ሹም «ይህ ሕግ በዚያ አገር ጠቅሟል» ብሎ ብቻ ሊቀዳው አይገባም። ሕጉ የወጣው ምን ችግር ለማቃናት ነው? እንደራሴውን ማን ይመርጣል? ወጪውን ማን ይከፍላል? ሲጣሉስ ማን ይዳኛል? ብሎ መጠየቅ አለበት። አሠሪ ማኅበርን በገንዘብ በሚገዛበት አገር የጀርመኑን ሕግ እንዳለ ቢገለብጡት የሚገኘው የተገዛ ምክር ቤት ነው። ጠንካራና ነጻ ማኅበር ባለበት አገር ደግሞ የአሜሪካኑን ክልከላ ቢያመጡ ሠራተኛው ያለውን የመነጋገሪያ ሸንጎ ያጣል። የሕጉን ቃል መቅዳት ቀላል ነው፤ ሕጉን ደግፎ የሚያቆመውን ማኅበር፣ ዳኛና ልማድ ማደርጀት ግን ብዙ ዘመንና ብዙ ድካም ይጠይቃል።