ትንሹ ተርባይን ከዋናው መስመር ጋር ይያያዝ

በጉባ ወረዳ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወሳል። ከግድቡ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ያመራል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ባለፈበት ሁሉ የገበሬው ቤት መብራት ያገኛል ማለት አይደለም። ኃይሉን ለመንደር አገልግሎት ለማዋል ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና ዝቅተኛ መስመር ያስፈልጋል። በአሶሳ ዙሪያ ተራርቀው ለሰፈሩ መንደሮች ይህን ሁሉ ማድረስ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል።

እስከዚያው የአካባቢው ጅረቶች ሥራ ፈተው ሊፈሱ አይገባም። በሴኮንድ 100 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 12 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይገኛል። ይህም ቀን ለእህል ወፍጮ፣ ማታ ለመብራት፣ ለጤና ኬላውም የክትባት ማቀዝቀዣ ይሆናል። ማሽላ በድንጋይ ስትፈጭ ለምትውለው እናት ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ለብቻው የቆመ ጣቢያ ችግር አለው። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሆነ በበጋ ውሃው ይቀንሳል፤ ኃይሉም አብሮ ይደክማል። ከዋናው መስመር ጋር ከተያያዘ ግን በክረምት የተረፈውን ይሰጣል፤ በበጋ የጎደለውን ይቀበላል።

ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል። ጣቢያው ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው ቮልቴጁ ሲስተካከል፣ ድግግሞሹም እንደ አገሪቱ መስመር 50 ኸርዝ ሲሆን ነው። ዋናው መስመር ሲቋረጥም ራሱን የሚለይ መከላከያ ያሻዋል፤ ይህ ከሌለ መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ምሰሶውና ሽቦው ከደረጃ በታች ተሠርቶ ኋላ እንደገና ከማፍረስ፣ ዛሬ በደረጃው መትከል ይቀላል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመሩ ውጭ በሚገኝ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ሁለቱ መንገዶች ግን ባላንጣዎች አይደሉም። መስመሩ በደረሰ ማግስት የመንደሩ ሕዝብ በጉልበቱ ቦይ ቆፍሮ ያቆመው ተርባይን ቢዘጋ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። በመሆኑም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና የክልሉ የሚመለከታቸው ቢሮዎች የመያያዣውን ደንብ፣ የኃይሉን ዋጋና የጥገናውን ኃላፊነት አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ትንሹም ጅረት ከታላቁ ጋር ሲያብር ለአገር ይጠቅማል።