ዕቃውን ከመሸጥ አስቀድሞ ተገልጋዩን ማብዛት ይገባል

የንግድ ጥንካሬ የሚመዘነው በአንድ ዓመት ውስጥ በተሸጠው ዕቃ ብዛት ብቻ አይደለም። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ዘወትር የሚገለገልበት ሰው ካልተገኘ፥ የዛሬው ትርፍ የነገ ዕዳ ይሆናል። የቦውሊንግ ዕቃ የሚሠሩት የአሜሪካ ኩባንያዎች ታሪክ ለዚህ ግልጥ ምስክር ስለ ሆነ፥ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ ሊመረምረው ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦውሊንግ ከባድ ኳስ በለስላሳ የእንጨት ወለል ላይ አንከባሎ በጫፉ የቆሙትን ዐሥር ፒኖች የመጣል ጨዋታ ነው። በዕቃው ንግድ ሁለት ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ገንነው ኖረዋል። ብራንስዊክ በ1845 በሲንሲናቲ ከተማ በሠረገላ ሥራ ተጀምሮ፥ በኋላ በቢልያርድ ጠረጴዛ የታወቀ ነው። ኤ.ኤም.ኤፍ. ደግሞ በ1900 ተቋቁሞ፥ በ1946 የወደቁትን ፒኖች በራሱ አንሥቶ የሚያቆም መኪና ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በፊት ፒኖቹን የሚያቆሙት ልጆች ነበሩ።

መኪናው በ1952 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ንግዱ እጅግ ተስፋፋ። ኤ.ኤም.ኤፍ. መኪናውን ሲያከራይ፥ ብራንስዊክ በዱቤ ይሸጥ ነበር። አዳራሽ የሚሠራው ባለገንዘብም በዛ፤ ነገር ግን የአዳራሹ ቍጥር ከተጫዋቹ ቍጥር ይልቅ ፈጥኖ አደገ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ብዙ ባለ አዳራሾች ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው፤ ብራንስዊክም የሸጠውን ዕቃ መልሶ እስከ መረከብ ደርሶ ከፍ ያለ ኪሣራ ደረሰበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

የሚያሳዝነው ስሕተቱ ዳግመኛ መፈጸሙ ነው። በ1990ዎቹ የቻይና ገበያ ሲከፈት ትእዛዙ ጐረፈ፤ በ1998 ግን ገበያው ከመጠን በላይ ጠግቦ፥ በእስያ የገንዘብ ችግርም ተጨምሮ፥ ሽያጩ ወደቀ። አዳራሾችን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ተበድሮ የነበረው ኤ.ኤም.ኤፍ. በ2001 በኪሣራ ሕግ ለመጠለል ተገደደ።

እንግዲህ ዘላቂ ገበያ የሚገኘው በምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ ጨዋታውን ሕዝብ እንዲለምደው በማድረግ ነው። ለዚህም መሠረቱ የጋራ መለኪያ ነው። በ1895 በኒውዮርክ የተቋቋመው የአሜሪካ የቦውሊንግ ጉባኤ ደንቡንና የዕቃውን ልክ አንድ አደረገ፤ የፒኑ ቁመት 38 ሳንቲሜትር ያህል፥ የኳሱም ክብደት ከ7 ኪሎ ከሩብ ገደማ የማይበልጥ ሆነ። ልኩ አንድ በመሆኑ፥ በአንድ አገር የተሠራ ኳስ በሌላው አገር አዳራሽ ያገለግላል። ዓለም አቀፉ ማኅበር በ1952 ተመሥርቶ፥ በ1954 የዓለም ሻምፒዮና በሄልሲንኪ ተደረገ፤ በ1988ም ጨዋታው በሴኡል ኦሊምፒክ ለትርኢት ቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴ የሚጠቅመው ምሳሌ ኤ.ኤም.ኤፍ. ራሱ በ1965 በደብሊን ያስጀመረው የዓለም ዋንጫ ነው። እያንዳንዱ አገር አንድ ወንድ፥ ከ1972 ወዲህም አንዲት ሴት ጨምሮ ይልክ ነበር። ተወዳዳሪው የሚመረጠው በየአገሩ በሚደረግ ማጣሪያ ስለ ሆነ፥ አንድ ዋንጫ ብዙ አዳራሾችን በተጫዋች ይሞላ ነበር።

አንዳንዶች ውድድር ማስታወቂያ እንጂ ሽያጭ አይደለም፥ ወጪውም ከንቱ ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዋንጫው ኤ.ኤም.ኤፍ.ን ከ2001 ውድቀት አላዳነውም። ይሁን እንጂ ኩባንያውን የጣለው ለዋንጫ የወጣው ገንዘብ ሳይሆን፥ ብድሩና ትእዛዝን እንደ ዘላቂ ገበያ መቍጠሩ ነው። ማኅበሩ፥ መለኪያውና የለመደው ተጫዋች ግን ጸንተው ስለ ኖሩ፥ በ2005 የቦሎኛው ኩቢካ ከኤ.ኤም.ኤፍ. የዕቃ ሥራ ጋር ተዋሕዶ ንግዱን ቀጠለ።

ስለዚህ ማናቸውንም መኪና ወይም የጨዋታ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በሦስተኛው ዓመት በዕቃው የሚገለገለው ማን ነው? መለዋወጫውና ጠጋኙ ከወዴት ይገኛል? ዱቤውስ የሚከፈለው ከምን ገቢ ነው? ይህን ሳይመልስ ትእዛዝ የሚያበዛ፥ የሚያበዛው ዕዳውን ነው።